መረጃን ማሰናዳትና መረጃን ማዋቀር
ለነጋዴዎችና ለሒሳብ ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

ቤት ሲሠራ ድንጋይ ጠራቢውና ግንበኛው አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። ጠራቢው እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው ተመልክቶ ጎባጣውን ያቃናል፥ ትርፉን ይቆርጣል። ግንበኛው ደግሞ የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ጋር እንደሚጋጠም ያስባል። ያልተጠረበ ድንጋይ ግንቡን ያጣምመዋል፤ በሚገባ የተጠረበ ድንጋይም ቢሆን ያለ ውል ከተደረደረ መናዱ አይቀርም።

የንግድ ቤት አኃዝ በኮምፒዩተር በሚመረመርበት ሥራ ላይም እንዲሁ ሁለት ሙያ አለ። አንደኛው መረጃን ማሰናዳት፥ ሁለተኛው መረጃን ማዋቀር ይባላል። ቢዝነስ ኢንተለጀንስ በሚባሉት የንግድ መረጃ መመርመሪያ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙ ብዙዎች እነዚህን ሁለት ሥራዎች እንደ አንድ ይቈጥሯቸዋል። ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ከባድ የሚሆንበት ምክንያት ኮምፒዩተሩ ስሕተት መኖሩን ስለማይናገር ነው። ቁጥሩ ተደምሮ፥ ሥዕሉ አምሮ ይወጣል፤ ሥራ አስኪያጁም በእርሱ ተማምኖ ዕቃ ያዛል፥ ዱቤ ይሰጣል፥ ከባንክ ይበደራል። ስሕተቱ የሚታወቀው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

የመሣሪያዎቹ አመጣጥ

የንግድን መረጃ በመሣሪያ ኀይል አቀናጅቶ ለሚመለከተው ሰው የማድረስ አሳብ አዲስ አይደለም። ሐንስ ፒተር ሉን የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ በዚሁ በቢዝነስ ኢንተለጀንስ ስም የጻፈውን ጥናት ያሳተመው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዚያው ድርጅት ባልደረባ ኤድጋር ኮድ፥ መረጃ በልዩ ልዩ ሰንጠረዥ ተከፍሎ እንዲቀመጥና ሰንጠረዦቹም በጋራ ቁልፍ እንዲገናኙ የሚያስችለውን መሠረት አቀረበ። ራልፍ ኪምቦል በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉ፥ ለንግድ ጥያቄ የሚመቸው አደራደር ድርጊትን ከመግለጫ ለይቶ ማስቀመጥ መሆኑን በሰፊው አስተማረ።

በዛሬው ጊዜ በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሠራበት የማይክሮሶፍት ፓወር ቢ.አይ. የሁለቱን ሙያዎች ልዩነት በአመጣጡ ያሳያል። ለማዋቀር የሚያገለግለው ክፍል ፓወር ፒቮት በሚል ስም ከኤክሴል 2010 ጋር ወጣ። ለማሰናዳት የሚያገለግለው ፓወር ኩዌሪ ግን ከዚያ በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. ለብቻው ቀረበ። ሁለቱን በአንድ ቤት ያስቀመጠው ፓወር ቢ.አይ. ለሕዝብ የተሰጠው በጁላይ 2015 እ.ኤ.አ. ነው። ቋንቋቸው እንኳ የተለያየ ነው፤ የማሰናጃው ቋንቋ ኤም ሲባል የማዋቀሪያው ዳክስ ይባላል። ታብሎ የተባለው ሌላው ታዋቂ ፕሮግራምም በ2018 እ.ኤ.አ. ለማሰናዳት ብቻ የሚያገለግል ታብሎ ፕሬፕ የተባለ መሣሪያ ለብቻው አውጥቷል። እንግዲህ ልዩነቱ ሠሪዎቹም ያመኑበት እንጂ የስም ብቻ አይደለም።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ የግንባታ ዕቃ ጅምላ ነጋዴ በምሳሌነት ይወሰድ። ይህ ነጋዴ በመርካቶ ዋና መደብር፥ በአዳማና በሐዋሳ ደግሞ ቅርንጫፍ ያለው ሆኖ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም ይሸጣል። ሦስቱም መደብሮች ሽያጫቸውን በየራሳቸው የኤክሴል መዝገብ ይይዛሉ።

1ኛ/ የማሰናዳት ሥራ

ማሰናዳት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «እያንዳንዱ ረድፍ እውነተኛና ከሌላው ጋር አንድ ዐይነት ነወይ?» የሚል ነው። ከነጋዴው ሦስት መዝገቦች የሚነሡት ችግሮች የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው የመለኪያ ልዩነት ነው። የመርካቶው መደብር ሲሚንቶን በኩንታል ሲመዘግብ፥ የአዳማው ባለ 50 ኪሎውን ከረጢት ይቈጥራል እንደ ሆነ፥ በሁለቱም መዝገብ 400 የሚል ቁጥር ቢገኝ የአዳማው 200 ኩንታል ብቻ ነው። ሁለቱ ሳይስተካከሉ ቢደመሩ 800 ይሆናሉ፤ በመጋዘን የወጣው ሲሚንቶ ግን 600 ኩንታል ነው።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። አንድ ደንበኛ በአንዱ መደብር «ኃይሉ»፥ በሌላው «ሀይሉ»፥ በሦስተኛው «ሐይሉ» ተብሎ ይጻፋል። ለአንባቢ ሦስቱም አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን «ኃ»፣ «ሀ» እና «ሐ» የተለያዩ ፊደላት ስለ ሆኑ ሦስት ደንበኞች ይሆናሉ። በዱቤ 900,000 ብር ዕዳ ያለበት አንድ ሰው እያንዳንዳቸው 300,000 ብር ያለባቸው ሦስት ሰዎች መስሎ ይታያል። የዱቤው ወሰን 500,000 ብር ቢሆን ማስጠንቀቂያው በፍጹም አይሰማም። መድኀኒቱ ስሙ እንደ ተጻፈ ተጠብቆ፥ ለማመሳከሪያ የሚሆን ሌላ ዓምድ ማዘጋጀትና በዚያ ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ ነው። ከዚህ የሚሻለው ግን ደንበኛውን በስሙ ሳይሆን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ማወቅ ነው። ይህም ቁጥር በጽሑፍነት መያዝ አለበት፤ እንደ ሒሳብ ቁጥር ከተነበበ በፊቱ ያሉት ዜሮዎች ይጠፋሉ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያሳስተው የቀን አቆጣጠር ነው። መስከረም 2 ቀን 2016 ዓ.ም. በመዝገብ ላይ 2/1/2016 ተብሎ ቢጻፍ፥ ፕሮግራሙ በኤውሮፓ አቆጣጠር ስለሚያነበው በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ 2016 እ.ኤ.አ. የተደረገ ሽያጭ ያደርገዋል። ትክክለኛው ቀን ሴፕቴምበር 13 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ ልዩነቱ ከ7 ዓመት ይበልጣል። ጥቅምት 30 ቀን በ30/2/2016 የተጻፈ እንደ ሆነ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ፕሮግራሙ ስሕተት ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜን 2 ቀን በ2/13/2016 ሲጻፍ ግን ወርን የሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ የተመረጠለት ፕሮግራም ፌብሩዋሪ 13 ነው ብሎ ያለ ጥርጥር ይቀበለዋል። ስለዚህ ስሕተት ተብሎ የተመለሰው ረድፍ ጥቂት ስለ ሆነ ብቻ የቀረው ሁሉ ደኅና ነው ብሎ መደምደም አይገባም። የኢትዮጵያው ቀን በመጀመሪያ ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ተለይቶ ተነቦ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ኤውሮፓው አቆጣጠር መለወጥ ያስፈልገዋል።

በፓወር ኩዌሪ የሚደረገው እያንዳንዱ ማስተካከያ እንደ ደረጃ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ፥ መረጃው በታደሰ ቍጥር በቅደም ተከተሉ ይደገማል። በእጅ የሚደረግ እርማት ግን በሚቀጥለው ወር እንደገና ይረሳል። ማሰናዳት በእጅ ሳይሆን በተመዘገበ ደረጃ መሠራት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

2ኛ/ የማዋቀር ሥራ

ማዋቀር የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «እነዚህ የተጣሩ ረድፎች ለሥራ አስኪያጁ ጥያቄ መልስ ይሰጡ ዘንድ እንዴት ይገናኙ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ረድፎቹን ማረም አይገኝም፤ ሰንጠረዦቹ የሚገናኙበት መንገድና ቁጥሮቹ የሚሰሉበት ሕግ ይወሰናል።

አስቀድሞ የሚወሰነው የአንድ ረድፍ ትርጉም ነው። ለምሳሌው ነጋዴ አንድ ረድፍ ማለት በአንድ ደረሰኝ ላይ የተጻፈ አንድ ዐይነት ዕቃ ነው። ይህ የድርጊት ሰንጠረዥ ቀኑን፣ መደብሩን፣ የዕቃውንና የደንበኛውን መለያ፣ ብዛቱንና ዋጋውን ይይዛል። በዙሪያው አራት የመግለጫ ሰንጠረዦች ይቆማሉ፤ እነርሱም የቀን፣ የመደብር፣ የዕቃና የደንበኛ ናቸው። በእያንዳንዱ የመግለጫ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ ደንበኛ ወይም አንድ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል። ይህ አደራደር በመካከሉ ድርጊቱ፥ በዙሪያው መግለጫዎቹ ስላሉ የኮከብ ቅርጽ ይባላል።

የቀን ሰንጠረዥ ለኢትዮጵያ ነጋዴ የተለየ እንክብካቤ ይፈልጋል። ፓወር ቢ.አይ. በራሱ የሚያዘጋጀው የቀን ሰንጠረዥ በኤውሮፓ አቆጣጠር ብቻ የቆመ ስለ ሆነ፥ ነጋዴው የራሱን መሥራት አለበት። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ ተሰጥቶ በዚያው ረድፍ የኤውሮፓውም የኢትዮጵያውም ቀን ይጻፋል፤ 12ቱ ወሮች በ30 ቀን፥ ጳጉሜን በ5 ወይም በ6 ቀን ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ በሐምሌ 1 ቀን የሚጀምረው የበጀት ዓመትም በአንድ ዓምድ ይመለከታል። ይህ ከተደረገ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ያለፈውን ጥቅምት ከዘንድሮው ጥቅምት ጋር ማስተያየት ይችላል።

3ኛ/ መደባለቁ የሚያመጣው ጉዳት

ሁለቱ ሥራዎች በየቦታቸው ካልተሠሩ የሚደርሰውን የሚያሳዩ ሦስት ምሳሌዎች ከዚህ ቀጥለው ቀርበዋል።

ሀ/ የሽያጩ መብዛት። አንድ ደንበኛ በደንበኞች ዝርዝር ላይ በአንድ የግብር ከፋይ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ይኸው ደንበኛ በሦስት ደረሰኝ የ120,000፣ የ80,000 እና የ50,000 ብር፥ በድምሩ የ250,000 ብር ዕቃ ገዝቷል። የመረጃ ሠራተኛው የደንበኛውን ከተማ ለማግኘት ብሎ ሁለቱን ሰንጠረዦች በማሰናጃው ክፍል ወደ አንድ ቢያዋሕዳቸው፥ እያንዳንዱ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። ረድፎቹ 6፥ ሽያጩም 500,000 ብር ይሆናል። አንዱ ረድፍ ለብቻው ቢታይ ምንም ነውር የለበትም፤ ሐሰተኛው ድምሩ ነው። ሰንጠረዦቹ ሳይዋሐዱ በሞዴሉ ውስጥ ቢገናኙ ኖሮ ግን፥ አንድ ለብዙ የተባለው ግንኙነት በአንዱ ወገን ያለው መለያ እንዳይደገም ስለሚያስገድድ ፕሮግራሙ መደጋገሙን ያስታውቅ ነበር። የተደጋገመውን ስም ማጥፋት የማሰናዳት ሥራ ነው፤ መደጋገሙን የሚያጋልጠው ግን የማዋቀር ሥራ ነው። ሁለቱ እንደዚህ ይረዳዳሉ።

ለ/ የትርፉ ማሳሳት። ነጋዴው በአንድ ወር የ1,000,000 ብር ሲሚንቶ ሸጦ 50,000 ብር፥ የ100,000 ብር ቀለም ሸጦ 25,000 ብር አትርፏል። የሲሚንቶው ትርፍ ከመቶ 5፥ የቀለሙ ከመቶ 25 ነው። ይህ መቶኛ በማሰናጃው ክፍል በየረድፉ ተሰልቶ ቢቀመጥና ፕሮግራሙ አማካዩን ቢያወጣ መልሱ ከመቶ 15 ይሆናል። እውነተኛው ትርፍ ግን 75,000 ብር ለ1,100,000 ብር ተካፍሎ ከመቶ 6.8 ያህል ነው። የወሩ ሥራ ማስኬጃ ወጪ 110,000 ብር እንደ ሆነ፥ በአማካዩ የተማመነው ነጋዴ 165,000 ብር አትርፎ 55,000 ብር የተረፈው ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን 35,000 ብር ከስሯል። ከተሳሳተው አኃዝ ተነሥቶ አዲስ ቅርንጫፍ ቢከፍት ኪሳራውን ያሰፋል እንጂ ትርፉን አያሰፋም። ስለዚህ በማሰናጃው ክፍል የሚቀመጡት ሽያጩና የዕቃው መግዣ ዋጋ ብቻ ናቸው፤ መቶኛው በሞዴሉ ውስጥ በመለኪያ ቀመር፥ ድምር ለድምር ተካፍሎ ይሰላል። ቀመሩ የሚሰላው ሪፖርቱ በሚታይበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ ሥራ አስኪያጁ አዳማን ቢመርጥ የአዳማውን፥ ቀለምን ቢመርጥ የቀለሙን ትክክለኛ መልስ ይሰጣል።

ሐ/ የክምችቱ መደመር። በመጋዘን የተገኘው ሲሚንቶ በሦስት ተከታታይ ወሮች መጨረሻ 600፣ 500 እና 700 ኩንታል ነው። ሽያጭ ከወር ወደ ወር ይደመራል፤ ቀሪ ክምችት ግን አይደመርም። ፕሮግራሙ ካልተነገረው 1,800 ኩንታል አለ ብሎ ያሳያል፤ በመጋዘኑ ያለው ግን 700 ነው። እዚህ ላይ ከረድፎቹ አንዱም አልተሳሳተም፤ ማሰናዳቱም ፍጹም ነው። የጐደለው የመጨረሻው ቀን ቀሪ ብቻ እንዲወሰድ የሚያዝ የሞዴል ሕግ ነው። ያልኖረ 1,100 ኩንታል አለኝ ብሎ ትእዛዝ የሚቀበል ነጋዴ ለደንበኛው የገባውን ቃል መፈጸም አይችልም።

4ኛ/ ወሰኑ የሚታወቅበት መንገድ

አንድ ሥራ ወደ ማሰናዳት ወይስ ወደ ማዋቀር ይሂድ የሚለው ጥርጥር ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ስሕተቱ ወይም ስሌቱ በአንድ ረድፍ ውስጥ የሚያልቅ፥ አንድ ጊዜ ከተወሰነም በማናቸውም ጥያቄ የማይለወጥ ከሆነ የማሰናዳት ሥራ ነው። መልሱ ጠያቂው በመረጠው ወር፣ መደብር ወይም ዕቃ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን የማዋቀር ሥራ ነው።

ለዚህ መልካም ማስረጃ የሚሆነው የውጭ ምንዛሪ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፥ ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉት። አንደኛው «ዕቃው በተገዛ ዕለት በብር ስንት አወጣ?» የሚል ነው። ያ ዕለት አልፏል፤ ተመኑም አይለወጥም፤ ስለዚህ በማሰናጃው ክፍል በየረድፉ ተሰልቶ ይቀመጣል። ሁለተኛው «ይህንኑ ዕቃ ዛሬ ለመተካት ስንት ያስፈልጋል?» የሚል ነው። የዚህ መልስ በተመረጠው ቀን ተመን ስለሚለዋወጥ በሞዴሉ ውስጥ በመለኪያ ቀመር ይሰላል። የመጀመሪያውን መልስ ለሁለተኛው ጥያቄ የሚጠቀም ነጋዴ በወረቀት ላይ እያተረፈ መጋዘኑን ባዶ ያደርጋል፤ ከሽያጩ የሰበሰበው ብር የሸጠውን ያህል ዕቃ አይመልስለትምና።

በሁለቱም ስፍራ ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮችም አሉ። ለምሳሌ ብዛትን በነጠላ ዋጋ አባዝቶ የረድፉን ዋጋ ማግኘት በማሰናጃውም፥ በሞዴሉም በሚሰላ ዓምድ ይቻላል። እንደዚህ ያለው ሥራ በተቻለ መጠን ወደ ምንጩ ቀርቦ ቢሠራ ይሻላል፤ አንድ ጊዜ የተሰናዳው ሰንጠረዥ ለብዙ ሪፖርት ያገለግላልና። ከዚህም ሌላ ፓወር ቢ.አይ. መረጃን የሚያከማቸው በየዓምዱ አጥብቆ በመጠቅጠቅ ስለ ሆነ፥ ብዙ የተለያየ ዋጋ ያለበት ዓምድ ብዙ ቦታ ይይዛል። የማያስፈልገውን ዓምድ በማሰናጃው ማስወገድ፥ ቀንንና ሰዓትንም ለይቶ ማስቀመጥ ሞዴሉን ያቀለዋል።

5ኛ/ ሥራ አስኪያጁ ሊጠይቅ የሚገባው

የንግድ ቤት ኀላፊ ፕሮግራሙን ራሱ ማንቀሳቀስ ላያስፈልገው ይችላል፤ ማንኛውንም ሪፖርት ከመቀበሉ በፊት ግን የሚከተሉትን መጠየቅ ይገባዋል።

አንደኛ፥ የረድፎቹ ቁጥርና የብሩ ድምር በምንጩ መዝገብ፣ ከተሰናዳ በኋላና በሞዴሉ ውስጥ አንድ ዐይነት ነወይ? በሦስቱ መካከል ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱ በጽሑፍ መገለጽ አለበት።

ሁለተኛ፥ በደንበኞችና በዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የተደጋገመ መለያ አለመኖሩ ተረጋግጧል ወይ?

ሦስተኛ፥ ቀኖቹ ሁሉ ድርጅቱ ሥራ ከጀመረበት ቀን በኋላ፥ ከዛሬም በፊት ናቸው ወይ? ይህች ትንሽ ምርመራ ከላይ የተገለጸውን የ7 ዓመት ስሕተት ወዲያውኑ ታጋልጣለች።

አራተኛ፥ መቶኛውና አማካዩ የተሰላው ድምር ለድምር ተካፍሎ ነው ወይስ የየረድፉ መቶኛ ተደምሮ?

አምስተኛ፥ ቀሪ ክምችትና ቀሪ ዕዳ በወሮች መካከል አለመደመራቸው ተመልክቷል ወይ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት ሰዎችም መለየት አለባቸው። መዝገቡን የሚያውቀው የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ በማሰናዳቱ ሥራ ላይ የእርሱ ቃል ይሰማል፤ አንድ ቁጥር ኩንታል ይሁን ከረጢት የፕሮግራም ዐዋቂው በግምት ሊወስነው አይችልም። የማዋቀሩ ሥራ ግን ከሥራ አስኪያጁ ጥያቄዎች መነሣት አለበት፤ ምን እንደሚጠየቅ ሳይታወቅ የሚሠራ ሞዴል፥ ማን እንደሚኖርበት ሳይታወቅ እንደሚሠራ ቤት ነውና። በትንሽ መደብር ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው አንድ ሰው ቢሆን እንኳ፥ አንደኛውን ጨርሶና ድምሩን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ወደ ሁለተኛው ቢሻገር፥ ስሕተት በተገኘ ጊዜ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አይቸገርም።

ነጋዴው ይህን ሥርዓት ለመጀመር ሁሉን መዝገቡን በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ አያስፈልገውም። የአንድ መደብርን የአንድ ወር ሽያጭ ወስዶ ማሰናዳት፥ ማዋቀርና በእጅ ከተደመረው የዕለት መዝገብ ጋር እስከ ሳንቲሙ ማመሳከር ይበቃዋል። ሁለቱ ድምሮች በተስማሙ ጊዜ ሁለተኛውን መደብር ይጨምራል፤ ካልተስማሙም ልዩነቱ ከአንድ ወር ደረሰኝ ውስጥ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል።